ካክተስን በቤት ውስጥ ስለ መንከባከብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ጥቂት ራቅ ያለ፣ ሆኖም ለሁላችንም የሚጠቅም ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመድኃኒት ቤቴ መስኮት ላይ ስለምትገኘው አንዲት ትንሽ ካክተስ ለመናገር ወሰንሁ። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ ወዳጆቼ ፈገግ ማለታቸውን አልሸሽግም። «የበረሃ ተክል ደግሞ ምን መንከባከብ ያሻዋል? ትቶ መቀመጥ ነው እንጂ» ያሉኝ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ሦስት አራት ካክተስ ገዝተው ሁሉም እንደ ሞቱባቸው፣ ምክንያቱንም እስከ ዛሬ እንዳላወቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጫወቱኝ። እኔ የምናገረው ለሁለቱም ወገኖች ነው፤ ከሁለቱም ጋራ ቆሜ አይቼዋለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሙያውን ያስተማሩኝና ለብዙ ጊዜ አብረውኝ የሠሩ አንድ አዛውንት ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ዘንድ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፣ በጠረጴዛቸው ላይ የነበረችውን ካክተስ በአደራ ሰጡኝ። አሥራ አራት ዓመት ያሳደጓት ነበረች። ማሚላሪያ ከሚባለው ወገን ስትሆን፣ ክብ፣ ከጡጫ የማትበልጥ፣ በነጭ እሾህ የተሸፈነች፣ በየዓመቱም በአናቷ ዙሪያ ሐምራዊ አበባ እንደ አክሊል የምትደረድር ነበረች። «ከሁለት ዓመት በኋላ እመለሳለሁ፤ እስከዚያው አንተ ዘንድ ትቈይ» አሉኝ። እንዴት እንደምይዛት ስጠይቃቸው፣ «እያት፤ ራሷ ትነግርሃለች» ብለው ዝም አሉ። ይህ በዚያን ጊዜ መልስ ሆኖ አልታየኝም።

እኔ የተጻፈ መመሪያ ማንበብና በመመሪያው መሠረት መፈጸም የለመድሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ በአውሮፓ የታተመ አንድ የካክተስ አያያዝ መጽሐፍ ፈልጌ አገኘሁ። መጽሐፉ በ«ሰመር» ወራት በየሳምንቱ ውሃ እንዲሰጥ፣ በ«ዊንተር» ወራት ግን ፈጽሞ እንዲቋረጥ ያዛል። እኔም ሰመር በግምት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዊንተርም ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት መሆኑን አስልቼ፣ በወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ ከመስኮቱም አጠገብ ለጠፍሁት። ውሃ በሰጠሁ ቁጥር ቀኑን እጽፍ፣ ከጎኑም ምልክት አደርግ ነበር።

በዚያ በጋ ፀሐዩ በመስኮቱ ሲገባ ተክሏ ተጨማደደች። ሰንጠረዡ ግን ውሃ አይፈቅድምና ታገሥሁ። ሰኔ በገባ ጊዜ መስጠት ጀመርሁ፤ እርሷም ጠጥታ ሞላች፤ እኔም ደስ አለኝ። ሐምሌን በሙሉ በየሳምንቱ አጠጣሁ። በነሐሴ አጋማሽ አቧራዋን ላራግፍ ሸክላውን ሳነሣ፣ አናቷ እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ከሥር ያለው አካሏ እንደ በሰለ ድንች ጣቴን አሰመጠው። ውስጧ ቡናማ ሆኖ ነበር። የሰው አደራ በእጄ ላይ በሰበሰ፤ ያውም በቸልተኝነት ሳይሆን በትጋት።

እንግዲህ ለምን እንደ ሞተች ለመረዳት፣ ካክተስ ምን ዐይነት ፍጥረት እንደ ሆነች በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል።

«ካክተስ» የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ጥንት የሚያመለክተው ሌላ እሾሃማ ተክል ነበር። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ለእነዚህ ተክሎች ሰጠው። ቤተሰቡ ከ1,500 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው። በዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትኖር አንዲት ዝርያ ብቻ ናት በአፍሪካና በስሪ ላንካም በተፈጥሮ የምትገኘው። በትግራይ ፍሬው የሚበላው በለስም እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። በአንጻሩ በገደላችንና በሸንተረራችን የሚታየው ቁልቋል፣ ለአጥር የሚተከለውም ቅንጭብ፣ መልካቸው ቢመስልም ካክተስ አይደሉም፤ የኢዩፎርቢያ ወገን ናቸው።

ይህን ልዩነት የማነሣው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የኢዩፎርቢያ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይን ውስጥ ከገባም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። በገበያ «ካክተስ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ የዚህ ወገን ስለ ሆኑ፣ ገዢው ለይቶ ማወቅ አለበት። መለያው እሾህ መኖሩ አይደለም፤ ወተት አለመኖሩም አይደለም፤ አንዳንድ ማሚላሪያዎችም ሲወጉ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣሉና። እርግጠኛው ምልክት የካክተስ እሾህ አሪዮል ከሚባል፣ ጥጥ የሸፈናት ከምትመስል ትንሽ ትራስ ላይ ተሰብስቦ መብቀሉ ነው። ይህ ትራስ ከሌለ ተክሉ ካክተስ አይደለምና፣ በሚቈረጥበት ጊዜ ጓንት ማድረግ፣ ወተቱ ዐይን ከነካም በብዙ ውሃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ካክተስ ቅጠሏን ወደ እሾህ ለውጣለች፤ የቅጠልንም ሥራ አረንጓዴው ግንዷ ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አተነፋፈሷ ነው። አብዛኞቹ ተክሎች የመተንፈሻ ቀዳዳዎቻቸውን ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ፣ በዚያው በር ውሃቸው ይተንናል። ካክተስ ግን ቀን በሯን ዘግታ ሌሊት ትከፍታለች፤ ሌሊት ያስገባችውንም በማሊክ አሲድ መልክ አከማችታ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ በብርሃን ኃይል ምግብ ታደርገዋለች። በህንድ አገር ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ሄይን የዚህን አሠራር ምልክት በምላሱ ቀምሶ አግኝቷል፤ የእኛው የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጧት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ ቀትር ላይ ግን ጣዕም እንደማይኖረው አስተውሎ የጻፈው በ1815 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። መሣሪያ ሳይኖረው፣ አንዱን ቅጠል በልዩ ልዩ ሰዓት በመቅመስ ብቻ ያገኘው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ካክተስ ውሃ የማትፈልግ ተክል አለመሆኗን ነው። ውሃ ትፈልጋለች፤ ነገር ግን የምትቀበለው ጠግባ፣ ከዚያም ረጅም ጊዜ ጹማ ነው። በድርቅ ጊዜ ቀጫጭን ሥሮቿን ትጥላለች፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ፈጥና አዲስ ታበቅላለች። አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ ከተደራረበበት ግን በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አየር ውሃው ይተካዋል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነውንም ሥር ፈንገስና መሰል ተሐዋስያን ያበሰብሱታል። ብስባሹ ከሥር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አናቷ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል። የተጠማች ካክተስ ትጨማደዳለች፤ ውሃ ሲሰጧት በጥቂት ቀናት ትመለሳለች። የበሰበሰች ግን አትመለስም። ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው ሁልጊዜ ባለመስጠት ቢሳሳት ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሰንጠረዤ ልመለስ። መጽሐፉ አልዋሸም። በለንደን በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት ከ8 ሰዓት ያነሰ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በዚያ አገር በታኅሣሥ ብርሃን የለም፤ ተክሉ አያድግም፤ የተሰጠው ውሃም ሳይደርቅ ይሰነብታል። ደንቡ የተሠራው ለዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ግን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። በእኛ ዘንድ ብርሃን የሚጠፋው በቀኑ ማጠር ሳይሆን በደመና ነው፤ ደመናው፣ ርጥበቱና ቅዝቃዜው ተባብረው ሸክላ አላደርቅ የሚሉትም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ብሩህ ነው። እኔ የእንግሊዝን ወር ወስጄ የእንግሊዝን ምክንያት እዚያው ትቼው መጣሁ።

ከዚህ ጋራ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። በቋንቋችን «ዊንተር»ን «ክረምት»፣ «ሰመር»ን «በጋ» ብሎ የመተርጐም ልማድ አለ። በወራቱ ሲታይ ስሕተት ነው፤ እኔም ይህን ስሕተት እንዳልፈጽም ብዬ ነበር በወር የቈጠርሁት። ሆኖም መጽሐፉን አንድ ግዴለሽ ሰው «በክረምት ውሃ አትስጥ፣ በበጋ አጠጣ» ብሎ ቢተረጕምልኝ ኖሮ፣ ተክሏ እስከ ዛሬ በሕይወት በኖረች ነበር። የተሳሳተው ትርጉም ከእኔ ትክክለኛ ስሌት ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

በመጀመሪያ ማስቀመጫው። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ያልተቀባ ሸክላ ከሁሉ ይመረጣል፤ ርጥበቱ በጎኑም ይወጣልና። ስፋቱ ከተክሏ በዙሪያው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ትልቅ ዕቃ ትልቅ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥር የማይደርስበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ከአትክልት ቦታ የሚገኝ አፈር ብቻውን አይሆንም። እኔ ግማሹን አፈር፣ ግማሹን ደግሞ በደብረ ዘይት አካባቢ ከእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚቈፈረውን፣ ለመንገድና ለቤት ሥራ የሚያገለግለውን ቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ አድርጌ እቀላቅላለሁ። ድንጋዩ ተሰብሮ የስንዴ ወይም የሽምብራ ፍሬ ያህል ሲሆን፣ ዱቄቱ በወንፊት መለየት አለበት፤ ዱቄቱ ከቀረበት ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናልና።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ብሩህ መስኮት፣ በተለይ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ተስማሚ ነው። ብርሃን ያነሳት ካክተስ አናቷ እየነጣና እየቀጠነ ወደ መስኮቱ ይዘማል። ይህን አይቶ በአንድ ቀን ወደ ቀትር ፀሐይ ማውጣት ግን ቆዳዋን ያቃጥላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ይገባል።

አራተኛውና ዋናው ውሃ ነው። ሲሰጡ ከሥር በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ መስጠት፣ በሳሕኑ የተጠራቀመውን መድፋት፣ ከዚያ በኋላ አፈሩ እስከ ታች ፈጽሞ እስኪደርቅ አለመንካት ነው። በየቀኑ በማንኪያ ማንጠባጠብ ከሁለቱም የከፋ ነው። መድረቁን ለማወቅ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክቶ ማውጣት ይቻላል፤ አፈር ከያዘ ገና ነው። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አለን፤ ሚዛን። የእኔዋ ከነሸክላዋ ጠጥታ ስታበቃ 410 ግራም፣ ፈጽማ ስትደርቅ 330 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከዚያኛው ወደዚህኛው ለመድረስ በታኅሣሥ ፀሐይ አሥር ቀን ያህል ይበቃታል፤ በሐምሌ ግን ከአንድ ወር በላይ ይፈጅባታል። አንዱን «በየሳምንቱ» የሚል ቃል ለሁለቱም ወራት ማዘዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አሁን በሐምሌና በነሐሴ ምንም አልሰጣትም። ይህ ልክ የአዲስ አበባ ልክ ነው፤ በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ ሙቀት የሚኖር አባላችን ሚዛኑን ራሱ ያንብብ፤ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ባልደረቦቻችን ደግሞ መጽሐፉን እንዳለ ቢከተሉ ይስማማቸዋል።

የቀረው ጥቂት ነው። በበጋ አንድ ሁለት ጊዜ ናይትሮጅኑ አነስ ያለ ማዳበሪያ፣ በማሸጊያው ላይ ከታዘዘው ግማሹን መስጠት ይቻላል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በደረቅ አፈር እንደገና መትከል፣ በዚያን ጊዜም የተጐዳው ሥር እንዲድን ለአንድ ሳምንት ውሃ መከልከል ያስፈልጋል። በእሾሁ መካከል ብጥስጣሽ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ተባይ ነውና፣ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ መንካት፣ አልኮሉም እስኪደርቅ ከፀሐይ ማራቅ ነው።

ብስባሽ ከተገኘ ደግሞ በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ቡናማ ቀለም እስከማይታይበት ድረስ መቍረጥ፣ የተቈረጠውን ጤነኛ ክፍል በጥላ ሥር አንድ ሁለት ሳምንት ማድረቅ፣ ከዚያም በደረቅ ጠጠር ላይ አስቀምጦ ሥር እስኪያወጣ ያለ ውሃ መጠበቅ ነው። እኔም በዚያ ነሐሴ ይህንኑ አደረግሁ። የእናቲቱ ብስባሽ እስከ አናቷ ደርሶ ስለ ነበር አልተረፈችም። ከጎኗ የበቀሉትን ሦስት ልጆቿን ለየኋቸው፤ ሁለቱ በሰበሱ። አንዲቱ፣ ዘጠኝ ግራም የምትመዝነው፣ ጥቅምት ሲገባ ነጭ ክር የመሰለ ሥር አወጣች።

አዛውንቱ እንዳሉት በሁለተኛው ዓመት ተመለሱ። የሚመጡበትን ቀን በሰማሁ ጊዜ፣ እንደ አደራ በላ ሰው ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነበር። ገብተው ትንሿን በመስኮቱ ላይ አዩና «አንሳለች» አሉ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ ጥፋቴ ከስንፍና እንዳልመጣ እንዲያውቁልኝም ሰንጠረዡን አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፤ «ውሃ የሰጠሃትን ቀን ሁሉ ጽፈሃል። እርሷ እንዴት እንደ ነበረች ግን አንድም ቀን አልጻፍህም።»

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በመድኃኒት ቤቴ መስኮት ላይ ሳይሆን በመስኮቱ ፊት በሚቆሙት ሰዎች ላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። በአንድ ዐቢይ ጾም አንዲት እናት መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። በከረጢቱ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ፍሬ ከምግብ በኋላ» ብዬ ጻፍሁ፤ በቃልም ደገምሁላቸው፤ እርሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ሆዳቸውን ታመው ተመለሱ። ለካ ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚበሉ፣ ሦስቱንም ፍሬ በአንድ ላይ ይውጡ ኖሯል። «አንተ ከምግብ በኋላ አልህ፤ እኔ የምበላው አንዴ ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ አጻጻፉም ግልጽ ነበር። የጐደለው «እማማ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሐኪማቸውን አነጋግሬ የአወሳሰዱ ሰዓት ተስተካከለላቸው።

መመሪያን ማቃለሌ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። ያለ መመሪያ ሙያችን አይቆምም። የምለው፣ ማንኛውም መመሪያ በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ምክንያት የተጻፈ መሆኑን ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ወደ ራሱ አገር፣ ወደ ራሱም ወቅት ሊያዛውረው ይችላል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ግን ቃል በቃል እየፈጸመው ሊገድልበት ይችላል። አንዲት ካክተስ ስትሞት የሚጐዳው አንድ መስኮት ነው፤ በመስኮታችን ፊት የሚቆሙት ግን በአደራ የተሰጡን ሰዎች ናቸው።

አዛውንቱ ተክሏን መልሰው አልወሰዱም። «አሁን የምታውቃት አንተ ነህ» ብለው እኔው ዘንድ ተዉአት። በአራተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ በአናቷ ዙሪያ ዘጠኝ አበቦች ደረደረች። ሰንጠረዡ ዛሬም ከመስኮቱ አጠገብ አለ፤ ነገር ግን ሁለት ዐምዶች ብቻ ናቸው ያሉት። በአንዱ ክብደቷን፣ በሌላው እንዴት እንደ ሰነበተች እጽፋለሁ። ውሃ የሰጠሁበትን ቀን ክብደቷ ራሱ ይነግረኛል።